ፀሐይዋ ወጣች፤ ሰዎቹስ የት ገቡ?

አገራችን ፀሐይ ስትሸጥ የኖረች አገር ናት። እየቀለድን አይደለም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ የምንቆጥረው ሰነዶቹ በዚያ ስለሚናገሩ ነውና እንዳትደናገሩ) ለውጭው ጎብኚ ያወጡት የእንግሊዝኛ መፈክር ትርጉሙ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ነው። ያው መፈክር አገር ቤት ሲገባ በአማርኛ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» ተባለ። ለፈረንጁ ፀሐይ፣ ለእኛ ፀጋ! በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚለው መጥቶ እስኪተካው ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አገልግሏል። ፀሐይ መሸጥ እንግዲህ አዲስ ንግዳችን አይደለም። አዲሱ ነገር ገዢው ፈረንጅ ብቻ መሆኑ መቅረቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ቦርሳችንን አዝለን «ሃይኪንግ» የምንል የአዲስ አበባ ልጆችም ደንበኞች ሆነናል።

ጠባችን ከመፈክሩ ጋር አይደለም። ጠባችን ከመፈክሩ በላይ ከሚሰቀለው ፎቶ ጋር ነው። ፎቶውን ታውቁታላችሁ። በየአስጎብኚ ድርጅቱ ግድግዳ፣ በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየዓመቱ የግድግዳ ካላንደር ላይ አለ። ገደል። ከገደሉ ጫፍ ጀርባዋን ሰጥታን የቆመች አንዲት ተጓዥ። ከፊቷ እንደ እንቁላል አስኳል ብቅ ያለች ፀሐይ። ከሥር ጉም። አለቀ። ጎጆ የለም፣ ጢስ የለም፣ ከብት የለም፣ ከተጓዧ በቀር የሰው ዘር የለም። ከፎቶው ግርጌ ደግሞ «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ያልተነካ? በማን?

የዛሬው ሙግታችን ይህ ነው። በተራሮቻችን አናት ላይ ስትወጣ የምናያት ፀሐይ በሰው አገር ላይ ነው የምትወጣው። ቦታው ባዶ የመሰለን ወይ ሰው ስለተነሳበት ነው፣ ወይ ደግሞ ሰውየው ፎቶ እንዳያበላሽ «ዞር በል» ስለተባለ ነው። ንጋት ለማየት ተራራ የምንወጣ ወጣቶች ያንን ባዶነት በገንዘባችን እየገዛን፣ በገጻችን እየለጠፍን ልናሳድገው አይገባም። ይኸው ነው። የቀረው ማስረጃ ነው።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ሰዎች ከሌላው ሰው የተለየ ጥበብ የለንም፤ አንዲት ልማድ ግን አለችን። ፎቶ ሲቀርብልን መጀመሪያ የምንጠይቀው ከጠርዙ ውጭ ምን እንደቀረ ነው። ማን ነው ያነሳው? ለማን ነው ያነሳው? ትንሽ ወደ ግራ ቢያዞረው ምን ይገባ ነበር? እስቲ ይህችን ጥያቄ ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች እንውጣ።

ከጠርዙ ውጭ የቀረው መንደር

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የታወጀው በ1969 ነው። በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቦታዎች ሲመዘግብ፣ ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። ይገባዋል! ወደ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል፣ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የትም የማይገኘው ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮ፣ በብርዱ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ… ማንም አይከራከርበትም።

ግን ፓርኩ ሲከለል ሰው ነበረበት። ሲመዘገብም ሰው ነበረበት። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር ካሉ መንደሮች ነዋሪዎች በግዳጅ ተነስተዋል። ከገደሉ በላይ፣ 3,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ግጭ የሚባል መንደር ቀረ። ገብስ የሚያርስ፣ ከብትና በግ የሚያረባ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸውና ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት የሚነሱ ሰዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ እኛ ዛሬ ገንዘብ ከፍለን፣ የስልክ ደወል ሞልተን፣ እየተነጫነጭን የምንነሳበትን ሰዓት እነርሱ ዕድሜ ልካቸውን ሲነሱበት ኖረዋል።

በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ከሚለው መዝገብ ውስጥ አስገባው። ዋልያው ተመናምኗል፣ እርሻና ግጦሽ ተስፋፍቷል፣ መንገድ ገብቷል ተባለ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት የፈጀ ድርድር፣ ጥናት፣ ስብሰባ… በመጨረሻ በ2016 ከአራት መቶ የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ተጨበጨበ።

እናስ? እናማ ዛሬ ከግጭ ተነስቶ እሜት ጎጎ ላይ ንጋት የሚያይ መንገደኛ የሚረግጠው የሰው ቀዬ የነበረውን ሜዳ ነው። ያ ሜዳ «ያልተነካ» ነው የሚባለው። መንደሩ ሲነሳ ግን ሁሉም ነገር አብሮ አልተነሳም። ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው የመኪና መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ እያለፈ ነበር። ፓርኩ ውስጥና ደጃፉ ላይ ሎጆች ቆመዋል። ገብስ የሚዘራ ሰው ለተራራው ሸክም ነው ተብሎ፣ ሙቅ ሻወር የሚፈልግ እንግዳ ግን በረከት ሆነ።

ይህንን ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ተመራማሪ በ2020 ባሳተመው፣ «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ብሎ በሰየመው አስተሳሰብ ላይ ባነጣጠረ መጽሐፉ የግጭን ነገር ከአገሩ ጋር አነጻጽሮታል። ፈረንሳይ ውስጥ ሴቬን የሚባል ተራራማ ፓርክ አለ። እዚያ ገበሬና በግ ጠባቂ አለ። ያንን አካባቢ ዩኔስኮ በ2011 የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ገበሬውና እረኛው ለዘመናት የሠሩት መልክዓ ምድር ስለሆነ ነው! የፈረንሳይ እረኛ ቅርስ ነው፤ የግጭ እረኛ አደጋ ነው። በጉ ያው በግ፣ ሣሩም ያው ሣር።

እሜት ጎጎ ላይ

እኛ ወደዚያ የወጣነው በ2020 መጀመሪያ፣ የጎንደር ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። አራት ነበርን። ደባርቅ ላይ የመግቢያውን ከፈልን፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመደበልን፣ ዕቃችንን በበቅሎ አስጫንን። ግጭ ካምፕ አድረን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ሳሩ ላይ ያደረው ጤዛ በረዶ ሆኖ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። በባትሪ ብርሃን እየሄድን ከሩቅ ጅብራውን ስናይ ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው እየመሰለን ሁለት ሦስት ጊዜ ደንግጠናል።

እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። በሦስት በኩል ገደል ነው። ስንደርስ ምሥራቁ ግራጫ ነበር። (ምሥራቅ ማለት መውጫ ማለት አይደል? «ሠረቀ»፣ ወጣ ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው። ቋንቋችን እንኳን አቅጣጫን የሚለካው በፀሐይ ነው።) በእኛ አገር ፀሐይ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ንጋቱ አይንዛዛም። መሬቱን ለይታችሁ ማየት ከጀመራችሁበት እስከ ፀሐይዋ ብቅ ማለት ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የከፍታዎቹ ጫፍ ቀላ፤ ከዚያ ቀለሙ በገደሉ እየወረደ እየወረደ፣ ታች ያለው ቆላ ገና በጨለማ እንዳለ፣ ከቧሂት ወገን ብቅ አለች። ገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች አንድ በአንድ ወጥተው ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀመጡ። ታች፣ በጣም ታች፣ ከቆላው መንደሮች ቀጭን ጢስ መነሳት ጀመረ። እሳት የሚያነድ ሰው ነበረ ማለት ነው። ማንኛችንም አልተናገርንም።

እንዲህ ብለን ብቻ ብንጨርሰው ካላንደሩ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በሆነ ነበር።

እኛ በጸጥታ ተቀምጠን ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣ ሌላ ቡድን ደረሰ። ስፒከር ይዘዋል፤ ሙዚቃ ከፈቱ። ጭላዳዎቹ ራቅ አሉ። እሱስ ይሁን፤ ወጣትነት ነው። ቆይቶ ግን አስተባባሪያቸው ወደ አንደኛው ባለበቅሎ ዞሮ «ጋሼ፣ ፎቶው ውስጥ ገብተውብናልና ትንሽ ዞር ይበሉልን» አለ። በትሕትና ነው ያለው፤ አንዋሽበትም። ሰውየውም «እሽ ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከአለቱ ጀርባ ሄዱ። ፎቶው ተነሳ። ገደል፣ ጀርባዋን የሰጠች ልጅ፣ ፀሐይ።

ስንወርድ ከእኚሁ ሰው ጋር አንድ መንገድ ሆንን። ግጭ ሜዳ ላይ ስንደርስ በበትራቸው እያመለከቱ «እኛ እዚያ ጋ ነበርን» አሉን። እዚያ የቀረ የድንጋይ ክምር አለ። «ይሄ የገብስ ማሳ ነው። በጥር በዚህ ሰዓት አውድማ ላይ ነበርን።» ሌላ አልጨመሩም። እኛም ምን እንላለን?

አስቡት። እኚህ ሰው ከዚህ ቦታ ሁለት ጊዜ ተነስተዋል። መጀመሪያ በ2016 ከቤተሰባቸውና ከከብታቸው ጋር። ሁለተኛ ያን ዕለት ጠዋት፣ ለአንድ ፎቶ ሲባል። የመጀመሪያውን የወሰኑት ከእኛ አቅም በላይ የሆኑ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሁለተኛውን ግን የወሰነው እንደኛ ያለ፣ በእኛ ዕድሜ ያለ፣ የእኛን ሙዚቃ የሚሰማ ልጅ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈውም በዚያ በሁለተኛው ምክንያት ነው።

«ታዲያ ተራራው ይጥፋ?»

ይህ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነም አናልፈውም። ዋልያው ተመናምኖ እንደነበር እውነት ነው። ግጭ አካባቢ ግጦሹ ሣሩን ልጦት እንደነበር እውነት ነው። ደባርቅ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም ያለበት ከተማ ነው፤ ልጁን ለማስተማር ሲል መነሳቱን በደስታ የተቀበለ ሰው ቢኖር አይገርመንም። ካሳም ተከፍሏል። መንደሩ በቦታው ይመለስ እያልን አይደለም፤ ያንን የሚጠይቁ ቢኖሩ ባለቤቶቹ ናቸው።

የምንለው ሌላ ነው። ለተራራው ሲባል ሰው ከቀዬው ከተነሳ፣ ያ ሰው ለተራራው ትልቁን ዋጋ የከፈለ ሰው ነው። ከመግቢያ ትኬት በላይ፣ ከሎጅ አልጋ በላይ የከፈለ እሱ ነው። ታዲያ ትልቁን ዋጋ የከፈለውን ሰው ከታሪኩ ማጥፋት፣ ቤቱ የነበረበትን ቦታ «ሰው ያልረገጠው» ብሎ መሸጥ፣ ጥበቃ ነው ወይስ ክህደት? ፓርክ ለመጠበቅ ዋልያን ማብዛት ያስፈልግ ይሆናል። ውሸት ማብዛት ግን አያስፈልግም።

ደግሞስ ተራራውን ማን ነው የሚጠብቀው? በ2019 ማርችና ኤፕሪል ላይ በፓርኩ ሣር የተነሳውን ቃጠሎ ታስታውሳላችሁ። ነገሩ ዓለም አቀፍ ዜና ሆኖ እስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላከች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። እናመሰግናለን። ከሄሊኮፕተሩ በፊት ግን በገደሉ ላይ እየተንጠለጠለ በእጁ ባገኘው ነገር እሳቱን ሲታገል የነበረው የአካባቢው ሰውና የፓርኩ ጠባቂ ነው። ካላንደሩ ላይ የሌለው ሰው እሳቱ ላይ ነበረ።

«ልንዝናና ነው የሄድነው»

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ነው። «አቦ፣ ሁሉ ነገር ላይ ፖለቲካ አታምጡብን። ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ሰልፍ ስንገፋ ኖረን አንድ ቀን ፀሐይ ብናይ ምን አለበት?»

ምንም የለበትም። እንዲያውም ሂዱ ነው የምንለው። የከተማ ልጅ ፀሐይ ስትወጣ የሚያየው የት ነው? አንድም ፎቅ ጋርዷታል፣ አንድም ተኝቷል። የሚገርመው ደግሞ በዓለም ላይ ቀኑን ከንጋት ጀምረው ከሚቆጥሩ ጥቂት ሕዝቦች አንዱ መሆናችን ነው። ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት «አንድ ሰዓት» እንላለን። ይህ አቆጣጠር የሚያዋጣውም አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በግንቦት ቀድማ ስትወጣ 12፡05 ገደማ፣ በጥር ዘግይታ ስትወጣ 12፡48 ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ለንደን ብትሆኑ ልዩነቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚሆን ሰዓታችሁን በፀሐይ ልሙላ ብትሉ ታብዱ ነበር።

ይህንን ሰዓት ግን የሰጠን ማነው? የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ከብት የሚፈታ ሰው ነው። ለእርሱ ፀሐይ ስትወጣ ትርኢት አይደለችም፤ የሥራ ደወል ናት። እኛ ትርኢቱን ለማየት ስንሄድ ደወሉን ሰምቶ የተነሳውን ሰው «ከመድረኩ ውረድ» ማለታችን ነው ያናደደን። መዝናናት ሌላውን ሰው አለመኖር ይጠይቃል ያለው ማነው?

ንጋት ሸቀጥ ሲሆን መጨረሻው የት እንደሚደርስ ለማየት ደግሞ ሩቅ እንሂድ። ሃዋይ ውስጥ ሃሌአካላ የሚባል 3,055 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ «የፀሐይ ቤት» ማለት ነው። ንጋት ለማየት የሚጎርፈው መኪና በመብዛቱ ከፌብሩዋሪ 2017 ጀምሮ ሌሊት ወደ ተራራው ለመግባት አስቀድሞ ቀጠሮ ማስያዝ ግዴታ ሆነ። ወደ ፀሐይ ቤት በወረፋ! እንጦጦና ወንጪ ላይ በበዓል ቀን የሚታየውን ግፊያ ያየ ሰው ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ ይገባዋል። ያኔ በሌሊቱ ወረፋ ላይ መጀመሪያ የሚገፋው ማን እንደሚሆን ደግሞ መገመት አያቅትም፤ ትኬት የሌለው ባለአገሩ ነው።

ጎብኚው ሲቀር

ይህ ሁሉ የድሎት ወሬ የሚመስልበት ምክንያትም አለ። እኛ ከወጣን ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 2020፣ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በ2021 ውጊያው ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመና ተስፋ አደረግን። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ በበቅሎው ኪራይ የሚያድር ሰው፣ እንግዳ እየመራ ልጅ የሚያሳድግ አስጎብኚ፣ እርሻውን ለፓርክ ለቆ «ከቱሪዝም ትጠቀማለህ» የተባለ አባወራ ምን በላ?

ይህንን የጠየቀ ገጽ አላየንም። ፎቶው ግን አንድም ቀን አልቀረም። ጥይት በሚጮህበት ሳምንት እንኳን የሰሜን ንጋት በፌስቡክና በኢንስታግራም እየወጣ «ዋው፣ አገሬ ስታምር!» ይባልበት ነበር። በፎቶው ውስጥ ሰው ስለሌለ የሚያዝንለትም ሰው አልተገኘም። ባዶ መልክዓ ምድር አይራብም፣ አይፈናቀልም፣ አይሞትም። ለዚህ ነው የፎቶ ጠርዝ ትንሽ ነገር አይደለም የምንለው። ሰውን ከሥዕሉ ማውጣት የለመደ ዓይን፣ ሰውየው ከምድር ሲወጣም አያስተውልም።

ምን ይሁን ነው የምትሉት?

ተሳድበን ብቻ አንሄድም። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ወደ ሰሜንም ይሁን ወደ ሌላ ተራራ ለምትሄዱ፣ አራት ነገር እንላለን።

አንደኛ፤ እደሩ። ሌሊቱን በመኪና ተጉዞ፣ ፀሐይ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ለምሳ የሚመለስ መንገደኛ ለአካባቢው የሚተርፈው አቧራና የውኃ ፕላስቲክ ነው። እዚያው እራት ከበላችሁ፣ እዚያው ከተኛችሁ፣ በቅሎውንም እዚያው ካለው ሰው ከተከራያችሁ ገንዘባችሁ ተራራው ላይ ያድራል። የበቅሎ ዋጋ ላይ የምትከራከሩትን ያህል ቡና ቤት ውስጥ በማኪያቶ ዋጋ ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለተኛ፤ ጠይቁ። ስካውቱን፣ ባለበቅሎውን፣ እሳት የምታነደዋን እናት «አገርዎ የት ነው? እዚህ ምን ነበር?» በሉ። መልሱ ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል። ፎቶ ስታነሱም ሰውየውን «ዞር በሉልን» ከማለት «አብረን እንነሳ?» በሉ። እምቢ ካሉ እምቢታቸውን አክብሩ። እንደ ጌጥ አቁማችሁ አታንሷቸው፤ ያም ሌላ ስድብ ነው።

ሦስተኛ፤ ጸጥ በሉ። ሃያ ደቂቃ ናት። ሙዚቃ የሌለው ሃያ ደቂቃ ማንንም አይገድልም። ጭላዳዎቹ ከእናንተ በፊት ነው የመጡት። ከታች ያለው መንደርም ሲነቃ ድምፅ አለው። ውሻው፣ ዶሮው፣ የከብቱ ግሳት ጸጥታ ካለ እስከ ላይ ይሰማል።

አራተኛው ለእኛ ለተጓዦች ሳይሆን ገንዘቡን ለሚሰበስቡት ነው። ለፓርክ ሲባል ከቀዬው የተነሳ ቤተሰብ በዚያ ፓርክ ውስጥ በሚገኝ ሥራ ሁሉ፣ በጥበቃውም፣ በመምራቱም፣ በበቅሎውም፣ በሎጁ ቅጥርም፣ የመጀመሪያው ተጠሪ መሆን አለበት። ልጁም የልጅ ልጁም። ይህ ምጽዋት አይደለም። ከመግቢያው ገቢ ስንት ወደ እነርሱ እንደሚደርስም ደባርቅ ላይ በግልጽ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። እኛ ትኬት ስንቆርጥ እንድናነበው።

«እናንተ ደግሞ አንዲት ፎቶ ላይ ይህን ያህል!» የሚለን አይጠፋም። ይበለን። ስለ ፎቶዋ የተጨነቅነው አገሪቱን የምናውቃት በፎቶዋ ስለሆነ ነው። የእኛ ትውልድ አብዛኛው ደባርቅን በእግሩ ሳይረግጥ የሰሜንን ንጋት መቶ ጊዜ አይቷል። መቶውም ጊዜ ሰው አላየበትም። እንዲህ ሆነን አድገን ነገ የፖሊሲ ወረቀት ላይ ፈራሚዎች ስንሆን፣ ካርታ ላይ መስመር አስምረን «እዚህ ሰው የለም» ብንል ማን ይገረማል?

ስለዚህ ሂዱ። ፀሐይዋን እዩ። ደስ ይበላችሁ፤ የምታስደስት ናትና። ፎቶም አንሱ፤ እኛም አንስተናል። ከሥሩ ግን «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ቦታው ስም አለው። «ግጭ» ብላችሁ ጻፉ።